ቱሊዮ ካምፓኞሎና የብረት ቢስክሌቱ

በአገራችን ጋራዥ ደጃፍ ያደገ ሰው ሳያውቀው ጣልያንኛ ይናገራል። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፤ ሁሉም ከጣልያኖች አፍ የተወሰዱ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ሕይወቱን የማወጋችሁ ሰው የእጅ ሥራዎቹን ስም ሲጠራ ብንሰማው ግማሹን ያለ አስተርጓሚ በተረዳነው ነበር።

ቱሊዮ ካምፓኞሎ በኦገስት 1901 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሰሜን ጣልያን ቪቼንዛ ከተማ ተወለደ። አባቱ የብረታ ብረት ዕቃ መደብር ነበረው፤ ልጁም ከሚስማርና ከመፍቻ ጋር አደገ። በሃያዎቹ ዕድሜው በአማተርነት ቢስክሌት ይወዳደር ነበር። ጎበዝ ነበር፣ ግን ስሙ በጋላቢነት የሚነሣ ሰው አልሆነም።

በዚያ ዘመን የእሽቅድምድም ቢስክሌት ማርሽ መቀየር ማለት ወርዶ የኋላውን ጎማ መፍታት ማለት ነበር። በጎማው ግራና ቀኝ መጠናቸው የተለያየ ጥርሶች ነበሩ። ዳገቱ ሲመጣ ጋላቢው ወርዶ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰሉትን ሁለት ዳዶዎች ይፈታል፣ ጎማውን ያገላብጣል፣ ካቴናውን መልሶ ያስርና ይቀጥላል። እንደሚተረከው ካምፓኞሎ በኖቬምበር 1927 ክሮቼ ዳውኔ በሚባለው ተራራ ላይ በበረዶ ውስጥ ሲወዳደር ጣቶቹ ደንዝዘው ዳዶውን መፍታት አቃተው፤ ውድድሩም አመለጠው። አንዳንድ የቢስክሌት ታሪክ ተመራማሪዎች የዕለቱንም የበረዶውንም ነገር ይጠራጠራሉ። እኔም ታሪኩ በኋላ እንደ ወግ የተቀባባ ይመስለኛል። የማያጠራጥረው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ዕቃ ነው። ቀዳዳ ባለው ፔርኖ ውስጥ ቀጭን ዘንግ ያልፋል፤ በአንዱ ጫፍ ያለችው ትንሽ እጀታ ስትታጠፍ ጎማው ይጠብቃል፣ ስትገለበጥ ይለቃል። መፍቻ አያስፈልግም፣ የደነዘዘ ጣትም ይበቃዋል። ዛሬም በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቢስክሌቶች ላይ አለች።

ኩባንያውን በ1933 አቋቋመ። ኩባንያ ይባል እንጂ ለዓመታት አንድ ክፍል ወርክሾፕ ነበር፤ የመጀመሪያውን የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ የቀጠረው በ1940 ነው።

ካምፓኞሎን ብዙዎች የካምቢዮ አባት ይሉታል፤ ይህ ግን ልክ አይደለም። ፈረንሳዮች ቀድመውታል። እንዲያውም በ1940ዎቹ ያወጣው ካምቢዮ ኮርሳ የሚያስቸግር ዕቃ ነበር። ጋላቢው እየሮጠ እጁን ከመቀመጫው ኋላ ሰድዶ በአንዱ ዘንግ ጎማውን ያላላል፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እየመታ በሌላው ዘንግ ካቴናውን ወደ ሌላ ጥርስ ይገፋል፣ ከዚያ ጎማውን መልሶ ያጠብቃል። ጂኖ ባርታሊ በ1948 ቱር ደ ፍራንስን በዚህ ዕቃ ማሸነፉ የዕቃውን ሳይሆን የሰውየውን ጉብዝና ይናገራል። በማግሥቱ ዓመት ፋውስቶ ኮፒ ያንኑ ውድድር ሲያሸንፍ የተጠቀመው በፈረንሳዩ ሲምፕሌክስ ነበር። ለጣልያናዊ ባለሙያ ይህ ቀላል ሽንፈት አይደለም።

ካምፓኞሎ አላኮረፈም፤ ሥራውን ከሥሩ ለወጠ። በ1949 በኤግዚቢሽን አሳይቶ በ1951 ለገበያ ያቀረበው ግራን ስፖርት ጎንና ጎኑ ትይዩ በሆነ ባለ አራት መጋጠሚያ ክንድ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ ይመራል። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ኒቬክስ የተባለ የፈረንሳይ ካምቢዮ በ1930ዎቹ መጨረሻ ሠርቶበታል። የካምፓኞሎ ድርሻ ለእሽቅድምድም እንዲስማማ አድርጎ፣ አጥርቶና አጠንክሮ መሥራቱ ነው። ከዚያ ሬኮርድ፣ ኑዎቮ ሬኮርድ፣ ሱፐር ሬኮርድ እያለ ለሠላሳ ዓመት ያንኑ ዕቃ አንዲት ቡሎን እየቀየረ፣ አንድ ግራም እየቀነሰ አሻሻለው። ኤዲ መርክስ አምስቱን ቱሮቹን ያሸነፈው በዚህ ቤተሰብ ዕቃዎች ነው።

ቢስክሌት ወዳጆች ግን ካምፓኞሎን የሚወዱበት ሌላ ምክንያት አላቸው። በዚያን ጊዜ ጥሩ ቢስክሌት አንድ ላይ ተገጣጥሞ ከሱቅ አይገዛም ነበር። እንደ ቺኔሊ፣ ማዚ፣ ዴ ሮዛና ኮልናጎ ያሉት የጣልያን ባለሙያዎች ልክ እንደ ልብስ ሰፊ የጋላቢውን እግርና ክንድ ለክተው የብረት ቱቦ እየበየዱ ቴላዮውን ይሠራሉ። ጎማው የሚገባበትን የሹካ ጫፍ ግን ብዙዎቹ ከካምፓኞሎ ይገዙ ነበር። ስለዚህ ስሙ የቴላዮው አካል ሆነ። ባለቤቱም ገንዘብ ሲያገኝ ዘንድሮ ካምቢዮውን፣ ለከርሞ ፍሬኑን፣ ሌላ ጊዜ ፔዳሉን ይቀይራል። አንዲት ስፕሪንግ ብትሰበር እሷን ብቻ መግዛት ይቻላል። ሥራ አጥቶ ዕቃ የሚጥል ዘመን ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ ጫማውን አስጠግኖ ለሚያደርግ ግን አይደለም።

ሰውየው እጁ አያርፍም ነበር። ለእሽቅድምድም መኪና የማግኒዚየም ቸርኬ ሠርቷል፤ በ1966 ደግሞ ለወይን ጠርሙስ የሚሆን ግዙፍ የቡሽ መክፈቻ አውጥቷል።

ካምፓኞሎ በፌብሩዋሪ 1983፣ ኩባንያው 50 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ሞተ፤ ሥራውን ልጁ ቫለንቲኖ ተረከበ። ክፉ አጋጣሚ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የጃፓኑ ሺማኖ ማርሹ ጠቅ እያለ ቦታው ላይ የሚቀመጥ ካምቢዮ አመጣ፤ ቪቼንዛ መልስ ለመስጠት ዘገየች፣ የመጀመሪያ መልሷም ደካማ ነበር። ሽማግሌው በሕይወት ቢኖር፣ ሲምፕሌክስን ተከትሎ እንዳደረገው፣ የራሱን ዕቃ አፍርሶ ይጀምር ነበር ወይ? የሠላሳ ዓመቱን ትዕግሥት ሳይ ያጠራጥረኛል። አንድን ዕቃ እያሻሻሉ መኖር መጣልን ያስረሳል።

የብረት ቴላዮው ግን ተርፏል። የኋላ ሹካው ስፋት ባለ አምስት ጥርስ በነበረበት ጊዜ 120 ሚሊሜትር፣ ከዚያ 126፣ በኋላ 130 ሆነ። ብረት ስለሆነ ባለሙያ በጥንቃቄ ከፈት አድርጎ አዲሱን ጎማ ያስገባበታል፤ በካርቦን ቴላዮ ይህ አይሞከርም። በምትኖሩበት ከተማ በአሮጌ ዕቃ ገበያ እንዲህ ያለ ቢስክሌት ካጋጠማችሁ የኋላ ካምቢዮውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ኑዎቮ ሬኮርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፓተንት ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሁለት አኃዝ ተቀርጾበታል፤ 72 ቢል ዕቃው የ1972 ነው።