ኡሙ ሳዑድ፦ በኩዌት ባሕር ዳር ስድሳ አንድ ዓመት

በኩዌት ከተማ ሸርቅ በሚባለው ሰፈር የባሕር ዳሩን ጎዳና ተከትሎ የሚሄድ መንገደኛ፣ በረጃጅሞቹ ሕንፃዎች መካከል ዝቅ ብሎ የቆመ አንድ አሮጌ ነጭ ቤት ያያል። ቤቱ ዛሬ የባህል ማዕከል ሲሆን «የዲክሰን ቤት» ተብሎ ይጠራል። የኩዌት ሰዎች ግን የቤቱን እመቤት የሚያስታውሷት በልጃቸው ስም ነው፤ ኡሙ ሳዑድ ይሏቸዋል። ተወላጅ አልነበሩም። እንጀራ ፍለጋ ከአገራቸው የወጡ፣ በሰው አገር አርጅተውም የሰው አገር ያልሆነባቸው ሴት ነበሩ።

ቫዮሌት ዲክሰን በ1896 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በሊንከንሻየር ገጠር ተወለዱ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አውሮፓ ገና ቁስሏ አልጠገገም ነበር። ወጣቷ ቫዮሌት ያን ጊዜ ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው በማርሴይ ወደብ በአንድ ባንክ ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን ያላገባች ሴት ብቻዋን ባዕድ አገር ገብታ በደመወዝ መኖሯ የተለመደ ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ የሕይወታቸው መንገድ የተቀየሰው በዚያ የሥራ ጠረጴዛ ነው። ሃሮልድ ዲክሰን የተባሉ እንግሊዛዊ መኮንን ደብዳቤያቸውን ለመውሰድ ወደ ባንኩ ብቅ አሉ፤ ብዙም ሳይቆይ የጋብቻ ጥያቄያቸው በቴሌግራም መጣ። ቫዮሌት እሺ ብለው ባሕር ተሻገሩ፤ በ1920 በቦምቤይ ተጋቡ።

ሃሮልድ በቤይሩት የተወለዱ፣ ዐረብኛን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እርሳቸው እንደሚናገሩት፣ በሕፃንነታቸው የዐነዛ ጎሣ የሆነች በደዊት አጥብታቸዋለች። የጡት ዝምድና በእስልምና ምን ያህል ክብር እንዳለው ለሚያውቅ አንባቢ፣ የበረሃው ሰው ለምን እንደ ዘመድ እንደተቀበላቸው መገመት አይቸግርም። ባልና ሚስቱ በኢራቅ፣ በሕንድና በፋርስ ወደብ በቡሼር ከቆዩ በኋላ፣ ሃሮልድ የብሪታንያ የፖለቲካ ወኪል ሆነው ሲሾሙ በ1929 ኩዌት ገቡ።

ያኔ የነበረችው ኩዌት ዛሬ የምናውቃት አይደለችም። በጭቃ ግንብ የታጠረች፣ ቤቶቿም ከጭቃ የተሠሩ ትንሽ የወደብ ከተማ ነበረች። የሚጠጣ ውኃ ከሻጥ አል ዐረብ በጀልባ ይመጣ ነበር። የሕዝቡ መተዳደሪያ ከባሕር ሥር የሚወጣው ሉል ሲሆን፣ በጃፓን በሰው እጅ የሚመረተው ሉል ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ድህነት ጠናባት። ለእንግዳ ሰው የምታጓጓ አገር አልነበረችም።

ቫዮሌት ግን በወኪሉ ቤት ግድግዳ ውስጥ አልተወሰኑም። ዐረብኛን በሚገባ ተማሩ፤ ከባላቸው ጋር ወደ በረሃ እየወጡ በጥቁር ድንኳን ሰነበቱ። ወንድ እንግዳ ወደማይገባበት የሴቶች ክፍል እርሳቸው ይገቡ ነበርና፣ ከእናቶችና ከሴት ልጆች ጋር ተቀምጠው ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ሽመና፣ ስለ መድኃኒት ዕፀዋት ያዳምጡ ነበር። ባላቸው ስለ በደዊን ኑሮ በ1949 ያሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ በዚህ የሴት ዓይን ብዙ ተጠቅሟል።

የራሳቸው ሥራ ደግሞ ከመሬት ላይ ተገኘ። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በረሃው ለጥቂት ሳምንታት ሲያብብ፣ ቫዮሌት አበቦቹን ለቅመው፣ አድርቀው፣ የዐረብኛ ስማቸውን ከበደዊን ጠይቀው እየጻፉ በለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው የዕፀዋት ማዕከል ይልኩ ነበር። በዐረብኛ ኹዛማ የሚባለው ሐምራዊ የበረሃ አበባ በሳይንሳዊ ስሙ የእርሳቸውን ስም ይዟል። በ1955 ስለ ኩዌትና ባሕሬን የዱር አበቦች፣ በ1971 ደግሞ ስለ አርባ ዓመት የኩዌት ኑሯቸው መጻሕፍት አሳተሙ።

በ1936 ሃሮልድ ከመንግሥት ሥራ ሲሰናበቱ ወደ አገራቸው መመለስ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ቀሩ፤ ሃሮልድ በኩዌት የነዳጅ ኩባንያ ተቀጠሩ። በየካቲት 1938 በቡርጋን ነዳጅ ተገኘ፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላም በ1946 የመጀመሪያው ጭነት ወጣ። ከዚያ ወዲያ የጭቃው ከተማ በዓይናቸው ፊት ፈረሰ። ግንቡም በ1957 ከበሮቹ በቀር ተነሣ። ባላቸው በ1959 ሲያርፉ፣ የሥራውም የትዳሩም ምክንያት አብቅቶ ነበር። ሆኖም ቫዮሌት በዚያው በባሕር ዳሩ ቤት ብቻቸውን መኖርን መረጡ። ኩዌት በ1961 ነፃነቷን ስታውጅ በዚያው ነበሩ። የአገራቸው መንግሥት በ1976 «ዴም» የሚል የክብር ማዕረግ ሰጣቸው፤ ጎረቤት ግን ኡሙ ሳዑድ ማለቱን አልተወም።

በነሐሴ 1990 የኢራቅ ጦር ኩዌትን ሲወር እኚህ አሮጊት ዕድሜያቸው ወደ 94 ዓመት ተቃርቦ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። ስድሳ አንድ ዓመት የኖሩበት ቤት በወረራው ጉዳት ደረሰበት። ቫዮሌት በጥር 1991 መጀመሪያ በትውልድ አገራቸው ዐረፉ፤ ኩዌት ነፃ የወጣችው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። ቤቱ በኋላ ታድሶ ለሕዝብ ተከፈተ።

እርግጥ ነው፣ ቫዮሌት ወደ ኩዌት የመጡት በኃያል መንግሥት ጥላ ሥር ነው፤ ዛሬ በሰልሚያም ሆነ በፈርዋንያ በሰው ቤት ሠርቶ ለወላጆቹ ከሚልከው ወገናችን ጋር ዕጣቸው አንድ አይደለም። መኖሪያ ፈቃድም ሆነ አሠሪ አላሳሰባቸውም። ነገር ግን ሥልጣኑ ከባላቸው ጋር በ1936 አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያስከበራቸው የጎረቤትን ቋንቋ ማወቃቸው፣ ድንኳን ገብተው መቀመጣቸውና ሌላው እየረገጠ የሚያልፈውን አበባ ጎንበስ ብለው ስሙን መጠየቃቸው ነው። ይህን ለማድረግ ሹመት አያስፈልግም። በባሕር ዳር የሚያልፍ ስደተኛ ያን ነጭ ቤት ሲያይ፣ እንግድነት በዓመት ብዛት ብቻ እንደማያልቅ፣ በመተዋወቅ ግን እንደሚቀልል ያስታውሳል።