ዮሴፍ ብሮየር፦ የሳንባንና የአንጎልን ምልልስ የመረመሩት የቪየና ሐኪም

የዮሴፍ ብሮየር ስም በሚነሣበት ጊዜ ብዙዎች የሚያስታውሱት ሲግመንድ ፍሮይድን ነው። ይሁንና ብሮየር ከፍሮይድ ጋር ከመተዋወቃቸው አስቀድሞ፣ ገና በ26 ዓመታቸው፣ ሳንባ ለአንጎል መልእክት እንደሚልክና አንጎልም በዚያው መልእክት ትንፋሽን እንደሚመራ በሙከራ አረጋግጠው ነበር። ለሕክምና ሳይንስ ካበረከቱት ሁሉ ይህኛው ሥራቸው እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል።

ብሮየር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 15 ቀን 1842 በቪየና ተወለዱ። አባታቸው ሊዮፖልድ ብሮየር በከተማዪቱ የአይሁድ ማኅበረሰብ ዘንድ የሃይማኖት መምህር ነበሩ። እናታቸውን ገና በሕፃንነታቸው በሞት በማጣታቸው ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። በ1859 በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ጀመሩ፤ ከዚያም በዘመኑ ስመ ጥር በነበሩት የውስጥ ደዌ ሐኪም በዮሐን ፎን ኦፖልሰር ሥር በረዳትነት ተቀጠሩ።

በዚያ ዘመን ትንፋሽ የሚመራው በአንጎል ግንድ ውስጥ ካለች ትንሽ ሥፍራ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያቺ ሥፍራ ስትጎዳ ትንፋሽ ወዲያው እንደሚቆም አሳይተዋል። ያልተፈታው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ አየር ወደ ውስጥ እየገባ ሳለ ይበቃል የሚለው ማን ነው? አንጎል ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ጌታ ነው ወይስ የሳንባን ሁኔታ የሚሰማበት መንገድ አለው?

ብሮየር ይህን ጥያቄ ይዘው በቪየና የጦር ሠራዊት የሕክምና ትምህርት ቤት ከነበሩት ከፕሮፌሰር ኤቫልድ ሄሪንግ ጋር ሠሩ። የሙከራው አካሄድ ቀላል ነበር። የእንስሳው ሳንባ በአየር ተነፍቶ እንዲቆይ ሲደረግ እንስሳው አየር መሳቡን ያቆምና ወደ ማስወጣት ያዘነብላል፤ ሳንባው እንዲኮማተር ሲደረግ ደግሞ ወዲያው መሳብ ይጀምራል። ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ደረትና ወደ ሆድ የሚወርደው የቬገስ ነርቭ በግራም በቀኝም ሲቆረጥ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል። ትንፋሹ አይቋረጥም፤ ነገር ግን ዘገምተኛና ጥልቅ ይሆናል። ከዚህ የተገኘው ድምዳሜ ግልጽ ነው፤ ሳንባ መለጠጡን በቬገስ በኩል ለአንጎል ያሳውቃል፣ አንጎልም መሳቡን ገትቶ ተራውን ለማስወጣት ይሰጣል።

ጥናቱ በ1868 ታተመ። ለሳይንስ አካዳሚው ያቀረቡት ሄሪንግ ስለነበሩ ግኝቱ ዛሬም ሄሪንግ-ብሮየር ሪፍሌክስ እየተባለ ይጠራል። ሙከራዎቹን ያካሄዱት ብሮየር መሆናቸውን ራሳቸው ሄሪንግ ቢመሰክሩም የስሞቹ ቅደም ተከተል በዚያው ጸንቶ ቀርቷል። የሰውነት ክፍል የሥራውን ውጤት ለአዛዡ መልሶ እያሳወቀ ራሱን የሚያርምበት አሠራር በግልጽ ከተገለጸባቸው ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው።

የኋላው ትውልድ ነገሩን አስፋፍቶታል። እንግሊዛዊው ኤድጋር ኤድሪያን በ1933 ሳንባ ሲለጠጥ በቬገስ ነርቭ ውስጥ የሚያልፉትን የኤሌክትሪክ ምልክቶች መዝግበው አሳዩ። ሪፍሌክሱ በአራስ ሕፃናት ላይ ብርቱ ሲሆን፣ በአዋቂ ሰው ላይ ግን በዝግታ በሚተነፍስበት ጊዜ ድርሻው አነስተኛ መሆኑም ተረጋገጠ። ሳንባ በንቅለ ተከላ ሲተካ የቬገስ ቅርንጫፎች ይቆረጣሉ፤ ታካሚው ግን ዕረፍት ላይ ሲሆን ትንፋሹ ከጤነኛ ሰው ብዙም አይለይም። በበሽታ ጊዜ ደግሞ ይኸው ነርቭ ሌላ መልክ ይይዛል። የተቆጣ የአየር ቧንቧ የሚልከው ምልክት ሳልን ይቀሰቅሳል፤ ከአንጎል ግንድ የሚመለሰው ትእዛዝም ቧንቧዎቹን ያጠብባል። ለአስምና ለረጅም ጊዜ የሳንባ ሕመም በመተንፈሻ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሚሠሩት ይህን የመመለሻ ትእዛዝ በመዝጋት ነው።

በ1868 ብሮየር ማቲልደ አልትማንን አግብተው አምስት ልጆችን አፈሩ። ኦፖልሰር በ1871 ሲያርፉ ብሮየር የግል ሐኪም ሆኑ፤ በ1885 ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የነበራቸውን የማስተማር ኃላፊነት ተዉ። ይህ ግን ከምርምር አላራቃቸውም። ሚዛንን የሚጠብቁት የውስጥ ጆሮ ግማሽ ክብ ቱቦዎች እንዴት እንደሚሠሩ የገለጹት ከሕሙማን በተረፋቸው ሰዓት ነው።

በ1880 መገባደጃ ቤርታ ፓፐንሃይም የተባለች የ21 ዓመት ወጣት በማያቋርጥ ሳል ምክንያት ወደ ብሮየር መጣች። በዚያ ወቅት አባቷ በደረት ውስጥ በተፈጠረ መግል ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ ታስታምማቸው ነበር። የሳንባን ነርቭ ከማንም በላይ ያጠኑት ሐኪም ሳሉን መርምረው መነሻው ሳንባ ሳይሆን የነርቭ መታወክ ነው አሉ። ወጣቷ ቆይታ እንደተረከችው፣ በአባቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ከጎረቤት የጭፈራ ሙዚቃ ተሰማ፤ እዚያ ለመሆን ተመኘች፣ በምኞቷም ራሷን ወቀሰች። ሳሉ የጀመራት ያን ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሞቅ ያለ ምት ያለው ሙዚቃ በሰማች ቁጥር ይነሣባት ነበር።

ብሮየር እንደዚህ ያሉትን ትዝታዎች እንድትናገር እያደረጉ ለወራት ደከሙ። ታሪኳ አና ኦ በሚል የምስጢር ስም፣ ብሮየርና ፍሮይድ በ1895 በጋራ ባሳተሙት የሂስቴሪያ ጥናት ውስጥ ወጣ። መጽሐፉ የዳነች አስመስሎ ቢያቀርባትም፣ በኋላ የተገኙ ሰነዶች በ1882 በስዊዘርላንድ ወደሚገኝ ማገገሚያ ገብታ እንደነበረ ያሳያሉ። የብሮየር ዝና አከራካሪ የሆነው በዚህ ነጥብ ላይ ሲሆን ክርክሩም ተገቢ ነው። ቤርታ ግን ከዓመታት በኋላ ድና በጀርመን የአይሁድ ሴቶችን ማኅበር መሠረተች።

ለፍሮይድ ገንዘብ ያበድሩ፣ ሕሙማንንም ይልኩለት የነበሩት ብሮየር፣ የሂስቴሪያ ሁሉ መንሥኤ ወሲባዊ ነው የሚለውን አቋሙን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል አልፈቀዱም። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወዳጅነታቸው ተቋረጠ። የቪየና ሳይንስ አካዳሚ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1894 በአባልነት መርጧቸው ነበር፤ ከደጋፊዎቻቸው አንዱ የወጣትነት የሥራ ባልደረባቸው ሄሪንግ ነበሩ። ብሮየር ጁን 20 ቀን 1925 በተወለዱባት ከተማ በ83 ዓመታቸው አረፉ።