ኮምፒውተርን ሙዚቃ ያስተማሩት ማክስ ማቲውስ

እ.አ.አ በ1957 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ የነበረ፣ አንድ ሰፊ ክፍል የሚሞላ ኮምፒውተር እልፍ አእላፍ ቁጥሮችን በማግኔት ቴፕ ላይ መዘገበ። ቴፑ ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ወደሚገኝበት፣ ኒው ጀርሲ ወዳለው የቤል ላብስ የምርምር ማዕከል ተወሰደ። እዚያም 17 ሰከንድ የምትቆይ አጭር ዜማ ተሰማች።

ዜማዋን የደረሱት የማዕከሉ ባልደረባ ኒውማን ጉትማን ናቸው። ኮምፒውተሩ እንዲጫወታት ያስቻለውን ፕሮግራም የጻፉት ደግሞ የ30 ዓመቱ መሐንዲስ ማክስ ማቲውስ ነበሩ። ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ ማውጣት አይችልም ነበር፤ ቃናውም ለጆሮ የሚጥም አልነበረም። ይሁን እንጂ ከዚያች ዕለት በኋላ የሙዚቃ መሣሪያ ትርጉም እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ከስልክ ወደ ዜማ

ማቲውስ በ1926 በአሜሪካዋ የነብራስካ ግዛት ተወለዱ። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምረው ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ በ1955 ደግሞ ቤል ላብስን ተቀላቀሉ። የተቀጠሩት ለሙዚቃ አልነበረም። ሥራቸው የስልክ ንግግር በተሻለ መንገድ የሚተላለፍበትን ዘዴ በኮምፒውተር መፈተሽ ነበር።

ለዚህም ድምፅን ወደ ቁጥር፣ ቁጥርንም መልሶ ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ አስፈለጋቸው። ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱ በየሰከንዱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጊዜ ደጋግሞ ከተለካ ተራ የቁጥር ሰልፍ ይሆናል። ማቲውስና አለቃቸው ጆን ፒርስ አንድ ምሽት የፒያኖ ዝግጅት ሲከታተሉ፣ ፒርስ ኮምፒውተርም ሙዚቃ መጫወት እንደሚችል ጠቁመው ፕሮግራሙን እንዲጽፉ አበረታቷቸው። ማቲውስ ራሳቸው ቫዮሊን የሚወዱ፣ ነገር ግን በተጫዋችነታቸው የማይመኩ ሰው ነበሩ።

ከአንድ ድምፅ ወደ ብዙ

በ1958 የተጻፈው ሁለተኛው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አራት ድምፆችን ማሰማት ቻለ። ትልቁ እመርታ ግን የመጣው በ1960 ገደማ በሦስተኛው ነው። ማቲውስ የተዘጋጀ መሣሪያ ለሙዚቀኛው ከማቅረብ ይልቅ መሣሪያው የሚገነባባቸውን ጡቦች ሰጡት። አንዱ ጡብ የድምፅ ሞገድ ያመነጫል፣ ሌላው ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ሦስተኛው ድምፆችን ይደምራል። ሙዚቀኛው እንደ ፍላጎቱ ያገጣጥማቸዋል።

በጊዜው ብዙ ሙዚቀኞች ሐሳቡን በጥርጣሬ አዩት፤ ማሽን ቦታቸውን እንዳይነጥቅ የሰጉም ነበሩ። ማቲውስ በ1963 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ኮምፒውተርን ያቀረቡት እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ እንጂ እንደ ሙዚቀኛው ተተኪ አልነበረም።

ጽሑፉን ካነበቡት አንዱ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ጆን ቻውኒንግ ነበሩ። በ1964 ቤል ላብስን ጎብኝተው ፕሮግራሙ የተጻፈባቸውን ካርዶች ይዘው ተመለሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱን ሞገድ በሌላው በማወዛወዝ የበለጸጉ ድምፆችን የመፍጠር ዘዴ አገኙ። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሞ በ1983 ለገበያ ያቀረበው ዲኤክስ7 የተባለው ኪቦርድ 16 ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያሰማ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን የሠርግ አዳራሾች የሚሰማው ዲጂታል ኪቦርድም ድምፁን የሚያወጣው ቁጥርን ወደ ንዝረት በመለወጥ ነው።

ስማቸውን የወረሰው ፕሮግራም

ማቲውስ ከ1974 እስከ 1980 ፓሪስ በሚገኘው ኢርካም የሙዚቃ ምርምር ተቋም የሳይንስ አማካሪ ነበሩ። በዚያው ተቋም በ1980ዎቹ አጋማሽ ሚለር ፓኬት የተባሉ ባለሙያ አዲስ ፕሮግራም መሥራት ጀመሩ፤ በማቲውስ ስምም ማክስ ብለው ሰየሙት። በማክስ ተጠቃሚው ረጅም የትእዛዝ መስመር አይጽፍም። ስክሪኑ ላይ ሳጥኖችን ያስቀምጥና በመስመር ያያይዛቸዋል።

በዚህ መንገድ ባለብዙ ድምፅ ሲንተሳይዘር ለመገንባት መነሻው አንድ ድምፅ ነው። ሞገድ አመንጪው፣ ማጣሪያውና የድምፁን መጠን የሚወስነው ሳጥን ከተገጣጠሙ በኋላ ሥራው በሙሉ፣ ለምሳሌ ስምንት ጊዜ፣ ይባዛል። ሌላ ሳጥን ደግሞ የሚመጣውን እያንዳንዱን ኖታ ሥራ ላልያዘው ቅጂ ያድላል። ስምንቱም ተይዘው ዘጠነኛ ቁልፍ ከተነካ አንዱ ዝም ማለት አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ተራውን የሚለቀው ቀድሞ የጀመረው ነው። የትኛው ዝም እንደሚል መወሰን የገንቢው ድርሻ ነው።

ማቲውስ በ1987 ወደ ስታንፎርድ ተዛውረው ፕሮፌሰር ሆኑ። በሁለት በትሮች እንቅስቃሴ ኮምፒውተርን እንደ ኦርኬስትራ ለመምራት የሚያስችለውን ሬዲዮ ባተን የተሰኘ መሣሪያቸውን እዚያም ሲያሻሽሉ ቆዩ። በ2011 በ84 ዓመታቸው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አረፉ። በላፕቶፑ ላይ ማክስን የሚከፍት ተማሪ ዛሬም ሥራውን የሚጀምረው እሳቸው እንዳሰቡት ነው፤ አንድ ትንሽ ክፍል ያስቀምጣል፣ ከሌላው ጋር ያገናኛል፣ ከዚያም ያዳምጣል።