ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፡ በሕግ የተሟገቱ፣ ያለ ፍርድ የተገደሉ

ኢትዮጵያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ካፈራቻቸው ታላላቅ ዲፕሎማቶች መካከል ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ አንዱ ናቸው። በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነትና በጠቅላይ ሚኒስትርነት አገራቸውን አገልግለዋል። የሥራ ዘመናቸው በአመዛኙ ያለፈው ትናንሽ አገሮች ከኃያላን ጋር እኩል ሊሟገቱ የሚችሉት በሕግ ነው በሚል እምነት ነበር።

አክሊሉ በ1904 ዓ.ም. ከካህናት ቤተሰብ ተወለዱ። በግብፅ እስክንድርያ በሚገኘው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ፓሪስ አቅንተው ሕግ አጠኑ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራቸውን በወረረች ጊዜ በዚያው ከተማ በሚገኘው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ያገለግሉ ነበር። ብዙ መንግሥታት ወረራውን እንደ ተፈጸመ ነገር ተቀብለው ሲያልፉት፣ ወጣቱ ዲፕሎማት የአገራቸው ህልውና በሕግ ፊት እንዳልተቋረጠ ለማስረዳት ደክመዋል።

ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በምክትል ሚኒስትርነት፣ ቆይቶም በሚኒስትርነት እስከ 1950 ዓ.ም. ሠርተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር ሰኔ 19 ቀን 1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ሲፈረም በስፍራው ከነበረው የኢትዮጵያ ልዑክ አባላት አንዱ ነበሩ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1938 ዓ.ም. መጨረሻ በተከፈተው የፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ ነው። ለአውሮፓውያን ጦርነቱ የጀመረው በ1930ዎቹ መግቢያ ሲሆን፣ ኢጣሊያም የገባችበት ሰኔ 1932 ዓ.ም. ነበር። ይህ አቆጣጠር ቢጸድቅ በኢትዮጵያ ላይ የተፈጸመው ግፍ በአመዛኙ ከውሉ ውጭ በቀረ ነበር። አክሊሉ የመሩት ልዑክ ለኢትዮጵያ ጦርነቱ የጀመረው ኢጣሊያ ድንበሯን በጣሰችበት ዕለት መሆኑን አጥብቆ አስረዳ። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውልም የኢጣሊያ ተጠያቂነት ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲታሰብ ደነገገ። ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፈልና ከዚያ ዕለት ወዲህ የተወሰዱ ቅርሶች በ18 ወራት ውስጥ እንዲመለሱም አዘዘ።

የዚህን ቀን ዋጋ ለመገንዘብ የአክሱምን ሐውልት ማስታወስ ይበቃል። ሐውልቱ ወደ ሮም የተጋዘው በ1929 ዓ.ም. ነበር። የ18 ወራቱ ቀጠሮ ወደ አሥርት ዓመታት ቢራዘምም፣ ኢትዮጵያ መብቷን የምትጠይቅበት ጽሑፍ በእጇ ነበረ። የሐውልቱ የመጨረሻ ክፍል ሚያዝያ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. አክሱም ደረሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በቀድሞ ቦታው ቆመ።

የኤርትራ ጉዳይ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በተመራ ጊዜም ክርክሩን በኢትዮጵያ በኩል በግንባር ቀደምትነት የያዙት አክሊሉ ነበሩ። በ1941 ዓ.ም. የቀረበው የቤቪንና የስፎርዛ ዕቅድ ከወደቀ በኋላ፣ ጉባኤው ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዓቅቦ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ወሰነ።

ይሁን እንጂ በጉባኤ የተገኘው ውጤት በአገር ቤት አልጸናም። አክሊሉ በ1953 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ፌዴሬሽኑም በእርሳቸው ዘመን፣ በኅዳር ወር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ የተጀመረው ጦርነት ሠላሳ ዓመት ዘልቆ የብዙዎችን ሕይወት ቀጠፈ። የመሬት ይዞታ ጥያቄ ሳይፈታ መቆየቱና የወሎ ረሃብም መንግሥታቸውን ለብርቱ ወቀሳ ዳረጉት። የወታደሮች፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች ተቃውሞ ሲበረታ የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም. ከነካቢኔያቸው ሥልጣን ለቀቁ።

ብዙም ሳይቆዩ ታሰሩ። በእስር ላይ ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሽን ስለ ሥራቸው ዝርዝር ጽሑፍ አቀረቡ፤ ይህም በኋላ በመጽሐፍ ታትሟል። ይሁንና ጽሑፋቸውን መርምሮ ጥፋታቸውንም ሆነ ንጽሕናቸውን የሚያረጋግጥ ፍርድ ቤት አልተሰየመም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ወንድማቸውን አካለ ወርቅ ሀብተ ወልድን ጨምሮ ከ60 ያህል ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ጋር ያለ ፍርድ ተገደሉ። አፅማቸው ከዓመታት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አርፏል።

ግድያው ለፍርድ የቀረበው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በታኅሣሥ ወር 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት የደርግ ባለሥልጣናትን ጥፋተኛ ያላቸው ግራ ቀኙን ሰምቶ፣ ማስረጃ መርምሮ ነበር። አክሊሉ በሕይወት ሳሉ ለአገራቸው በዓለም ሸንጎ የጠየቁት፣ ለራሳቸው ግን የተነፈጉት ይኸው የመደመጥ መብት ነበር።