ዐፄ ቴዎድሮስና የወታደር ደመወዝ

ዐፄ ቴዎድሮስ አስቀድሞ ካሣ ኃይሉ ይባሉ ነበር። የተወለዱትም በ1811 ዓመተ ምሕረት ገደማ ከጣና ባሕር በስተ ምዕራብ ባለው በቋራ አገር ነው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በድህነት ኖሩ፤ ልጃቸውም በጎንደርና በጣና መካከል ወደሚገኘው ወደ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ለትምህርት ገቡ። ነገር ግን የጦር ሰዎች ገዳሙን ሲያጠፉት ካሣ ከሞት ለጥቂት አመለጡ። ልጓም የሌለው ወታደር የሚያደርገውን ነገር ያን ጊዜ በዓይናቸው አዩ።

በዘመነ መሳፍንት የወታደር ደመወዝ የባላገሩ ጎተራ ነበረ። ወታደሩ በባላገሩ ቤት ይመራል፤ ባላገሩም ለእርሱ እንጀራውንና ጠላውን፣ ለበቅሎው ገብሱን ያቀርባል። መጠኑ በሕግ ያልተወሰነ ስለ ሆነ፣ ከመጠን አልፎ ወሰደብኝ ብሎ የሚከስም፣ ክሱን የሚሰማም ዳኛ አልነበረም። ጦር በመንደሩ ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ የእርሻው በሬ ሳይቀር ይታረዳል።

ካሣ በቋራ ሸፍተው ሳሉ ከማረኩት ገንዘብ ለገበሬዎች ማረሻ መግዣ ሰጡ ይባላል። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ፣ በጣና ዳር በጎርጎራ ብጭኝ፣ በኋላም በአይሻል ድል አድርገው፣ በየካቲት ወር 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ። ወዲያውም ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ገበሬው ወደ እርሻው እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ሠራዊቱንም በዐሥር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሺ አለቃ ከፍለው፣ ወታደር ደመወዝ እየተቀበለ ስንቁን በገንዘቡ እንዲገዛ፣ ከባላገሩም ምንም እንዳይቀማ ከለከሉ።

አሳቡ እጅግ መልካም ነበረ። ነገር ግን ደመወዝ መወሰን አንድ ነገር ነው፤ በየወሩ መድረሱን የሚመረምርና የጎደለውን የሚሞላ ግምጃ ቤት ማቆም ሌላ ነገር ነው። ንጉሡ የነበራቸው መቈጣጠሪያ ብርቱ ቅጣት ብቻ ነበረ። (በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚመለከት ቦርድ ከመንግሥት፣ ከአሠሪና ከሠራተኛ ወኪሎች እንዲቋቋም መደንገጉ፣ ይህን ሥራ ከአንድ ሰው ትከሻ ለማውረድ ነው።)

ገንዘቡ ከወዴት ይምጣ? ንጉሡ ዓይናቸውን በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ጣሉ። ለአንድ ደብር 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት ይበቃሉ፣ የተረፈው መሬት ለገባር ይሰጥ ብለው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1852 ዓ.ም. ገደማ ፈጸሙት። ቍጥሩ ለቅዳሴ ከሚያስፈልጉት 5 ልዑካን ጋር ይስማማል። ነገር ግን ማኅሌት የሚቆመው ደብተራ፣ ዜማና ቅኔ የሚያስተምረው መምህር ከዚህ ቍጥር ውጭ ቀሩ፤ የእነርሱም ደመወዝ ያው መሬት ነበረ። ለወታደሩ ደመወዝ ሲቈረጥለት ለመምህሩ ተቈረጠበት። ካህናቱ ስለ መጐምጀት ብቻ ተቃወሙ የሚሉ ሰዎች ይህን አላስተዋሉም።

ካህናቱም ልባቸውን ካነሡባቸው በኋላ አገሩ አልጸናም። በጎጃም ተድላ ጓሉ፣ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ፤ በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ግብር የሚገባበት አገር በጠበበ ቍጥር ደመወዙ ጎደለ፤ ደመወዙ የጎደለበትም ወታደር ወደ ቀድሞው ልማዱ ተመለሰ ወይም ከዳ።

በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ በጣና ዳር በዘጌ ሰፍረው ሳሉ ኮሌራ በሰፈሩ ገባና ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚያም በቆራጣ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ዝርፊያን የከለከሉት ንጉሥ ራሳቸው ጎንደርን አስዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ፤ የደንቢያና የበጌምድር ገበሬም በ1847 የተነገረለትን አዋጅ በራሳቸው በንጉሡ ጦር ሲፈርስ አየ።

በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው በጋፋት የተሠራውን ታላቁን መድፍ እያስጎተቱ መቅደላ ሲደርሱ የቀረላቸው ጥቂት ሺህ ሰው ነበረ። ሚያዝያ 6 ቀን ጧት ለእነዚያም ወደ ወደዱበት እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው። በዚያው ቀን እንግሊዞች አምባውን ሲወጡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።