ሙሴ ኢልግና የእንፋሎት ባቡር

በመርካቶ እህል የሚያስፈጭ ሰው ዛሬም አልፎ አልፎ ወፍጮውን «ባቡር» ሲል ይሰማል። ወፍጮው የሚዞረው በኤሌክትሪክ ነው፤ ቃሉ ግን በፈረንሳይኛ እንፋሎት ማለት ከሆነው «ቫፐር» በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ የመጣ ነው። የእንፋሎት ዘመን እንዲህ ባለ መንገድ በቋንቋችን ተጠብቆ ይኖራል። ይህን ዘመን ወደ አገራችን ለማምጣት ከደከሙት አንዱ የሙያ ባልደረባችን አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። የእሳቸውን ሕይወት መመርመር፣ ቃሉን ጠብቀን ብረቱን ምን እንዳደረግነው ለመጠየቅም ይረዳናል።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተምረው ከጨረሱ በኋላ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጥበብ የሚያውቁ አውሮፓውያንን ይፈልጉ ስለ ነበር በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሱ፤ ዕድሜያቸውም 25 ዓመት ግድም ነበር። በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ በቀላሉ በማይገኝበት አገር መሐንዲስ የታዘዘውን ሁሉ መሥራት ነበረበት። ኢልግም በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥትም ውሃ በቧንቧ አስገቡ። ሕዝቡ «ሙሴ ኢልግ» ብሎ ጠራቸው። በ1889 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ምኒልክ በማዕረግ ከፍ አድርገው በውጭ ጉዳይ አማካሪያቸው አደረጓቸው።

ትልቁ ሐሳባቸው ግን የምድር ባቡር ነበር። ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሸዋ በግመልና በበቅሎ የሚመጣ ዕቃ ከወር በላይ ይፈጅ ነበር። በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ፤ መስመሩም በሦስት ክፍል ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ እንዲዘረጋ ታሰበ። ከፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍነ ጋር ኩባንያ አቋቁመው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሥራው ተጀመረ።

የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ጠባብ ሐዲድ በአጭር ስፍራ ይጠመዘዛል፤ ቁፋሮውም ወጪውም ይቀንሳል። ከመጀመሪያዎቹ ሎኮሞቲቮች መካከል በኢልግ አገር፣ በቪንተርቱር ፋብሪካ የተሠሩ ነበሩባቸው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ግን እሳት ብቻ ሳይሆን ብዙ ውሃም ይፈልጋል፤ መንገዱ ደግሞ የሚያልፈው በደረቅ በረሃ ነው። ከዚህም በላይ የብረት መንኰራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ቀጥ ያለ አቀበት መውጣት አይችልም። ስለዚህ የሐረር ተራራ ቀርቶ መስመሩ ከግርጌው እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ ከነወርክሾፕዋ ተቆረቆረች።

ከዚያ በኋላ ያስቸገረው ተራራ ሳይሆን ገንዘብ ነበር። ኩባንያው ሲከስር የፈረንሳይ መንግሥት እጁን አስገባ፤ እንግሊዝና ኢጣሊያም በጥርጣሬ ተመለከቱ። ምኒልክ የአገሪቱ በር በባዕድ መንግሥት እጅ እንዳይወድቅ ሠግተው ሥራው ቆመ። የኩባንያው መሥራችም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪም የነበሩት ኢልግ በሁለት ጌቶች መካከል ቆሙ። በ1899 ዓ.ም. ገደማ አገልግሎታቸውን ትተው ወደ ስዊስ ተመለሱ። ፈቃዱ በ1900 ዓ.ም. ለሌሎች ተላለፈ። ኢልግ በ1908 ዓ.ም. እኛ ገናን በምናከብርበት ዕለት በዙሪክ አረፉ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የሕይወታቸውን ሥራ ፍጻሜ አላዩም።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀስ በቀስ ለናፍጣ ሞተር ቦታቸውን ለቀቁ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ 1.435 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ መስመር ተመረቀ። የቀደመው ዘመን ብረት ታዲያ ምን ይሁን?

እዚህ ላይ የእንግሊዞቹን «ሮኬት» ማስታወስ ይገባል። ይህ ሎኮሞቲቭ እ.ኤ.አ. በ1829 በኒውካስል በስቲቨንሰን ፋብሪካ ተሠራ፤ በማሞቂያው ውስጥ ባሉት 25 የመዳብ ቱቦዎች ምክንያት በሬይንሂል ውድድር አሸነፈ። የሥራ ዕድሜው ግን 10 ዓመት ያህል ብቻ ነበር፤ በመጨረሻ ከሰል ማውጫ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1862 ለለንደን ሙዚየም ከተሰጠ ወዲህ ከ160 ዓመት በላይ ተጠብቋል። የተጠበቀውም ሲሊንደሮቹ ዝቅ ከተደረጉና ብዙ አካሉ ከተለወጠ በኋላ ነው። ለመሐንዲስ ትምህርት የሚሆነው ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ለውጥ የአንድ ስሕተት መታረሚያ ነውና።

በመርካቶ ምናለሽ ተራ የብረት ሠራተኞች ያረጀውን ብረት ቀጥቅጠው ለአዲስ አገልግሎት ያበቁታል። ይህ የሚከበር ጥበብ ነው፤ ምድጃ የሆነ በርሜል ሁለተኛ ዕድሜ አገኘ ማለት ነው። ሎኮሞቲቭ ግን አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ የተሠራበትን አሳብ የሚነግረን የለም። በድሬዳዋው አሮጌ ወርክሾፕና በየጣቢያው የቀረውን እያንዳንዱን ማሽን ቍጥሩን፣ የፋብሪካውን ስም፣ የተሠራበትን ዓመትና የተደረገበትን ጥገና መዝግቦና ነድፎ ማኖር ከእኛ ሙያ ውጭ የሆነ ሥራ አይደለም። ሙሴ ኢልግ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አልፈዋል፤ እኛ ደግሞ የተጨረሰውን ሳንመዘግብ ብናልፍ ለልጆቻችን የምናወርሳቸው ቃሉን ብቻ ይሆናል።