ኤሊዛቤት ፍራይ

ኤሊዛቤት ፍራይ (ሜይ 21 ቀን 1780 – ኦክቶበር 12 ቀን 1845 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊት በጎ አድራጊ፣ የክዌከሮች ሰባኪና የእስር ቤት አያያዝ እንዲሻሻል የታገለች ሴት ነበረች። ይበልጥ የምትታወቀው በለንደን ከተማ በኒውጌት እስር ቤት ለታሰሩ ሴቶችና አብረዋቸው ይኖሩ ለነበሩ ልጆቻቸው በሰጠችው አገልግሎት ነው። ሕይወቷ ከክዌከሮች ጉባኤ ጋር የተቆራኘ ነበር። ሴት ሆና በሕዝብ ፊት እንድትናገር የፈቀደላት፣ የሥራ ባልደረቦችና ገንዘብም ያስገኘላት ይህ ጉባኤ ነው። ባሏ በከሰረ ጊዜ ከአባልነት የሰረዘውም ይኸው ጉባኤ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የክዌከሮች ጉባኤ

ክዌከሮች በይፋ የወዳጆች ማኅበር የሚባሉ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ አገር በጆርጅ ፎክስ ስብከት የተነሡ የክርስቲያን ወገን ናቸው። በዘመኑ በነበረው ልማዳቸው ተቀጥሮ የሚያገለግል ቄስ አልነበራቸውም። በጸሎት ቤታቸው በዝምታ ተቀምጠው ይቆዩና፣ መንፈስ አነሣሥቶኛል የሚል ሰው ወንድም ሆነ ሴት ተነሥቶ ይናገር ነበር። የመናገር ስጦታው በጉባኤው የታወቀለት ሰው ስሙ ተመዝግቦ ሰባኪ ይባል ነበር።

ክዌከሮች መሐላ አይምሉም፣ በጦርነትም አይካፈሉም ነበር። አጥባቂዎቹ ጌጥ የሌለው ልብስ ይለብሱ፣ ከሙዚቃና ከጭፈራም ይርቁ ነበር። የአካባቢው አባላት በየወሩ ተሰብስበው ድኾችን መርዳትን፣ ጋብቻንና የአባላትን ጠባይ የሚመለከቱ ጉዳዮችን ይመረምሩ ነበር። ከማኅበሩ ውጭ ያገባ ወይም ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከአባልነት ሊሰረዝ ይችል ነበር።

ልጅነት

ኤሊዛቤት የተወለደችው በምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው በኖሪች ከተማ ነው። አባቷ ጆን ገርኒ በሱፍ ንግድና በባንክ ሥራ የበለጸገ ሰው ሲሆን፣ እናቷ ካትሪን ደግሞ በባንክ ሥራቸው ከታወቁት ከባርክሌይ ቤተሰብ ወገን ነበረች። ቤተሰቡ በ1786 ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ኧርልሃም ወደተባለው ሰፊ ቤት ተዛወረ። እናቷ ድኾችንና በሽተኞችን ስትጎበኝ ልጆቿን ይዛ ትሄድ ነበር። እናቷ በ1792 ስትሞት ኤሊዛቤት 12 ዓመቷ ነበር።

የገርኒ ቤተሰብ ወደ ጸሎት ቤት ቢሄድም ከአጥባቂዎቹ ወገን አልነበረም። ልጆቹ ባለ ቀለም ልብስ ይለብሱ፣ ይዘፍኑና ይጨፍሩ ነበር። በ1798 ግን ዊልያም ሳቨሪ የተባለ አሜሪካዊ ክዌከር በኖሪች ጸሎት ቤት ሲሰብክ የ17 ዓመቷ ኤሊዛቤት በስብከቱ እጅግ ተነካች። ከዚያ በኋላ ጌጧንና ጭፈራውን ቀስ በቀስ ተወች። በሽተኞችን መጎብኘት ጀመረች፤ በኧርልሃምም የድኻ ልጆችን ሰብስባ ማንበብ ታስተምር ነበር።

ጋብቻና የቤት ኑሮ

በኦገስት 1800 በኖሪች ጸሎት ቤት ጆሴፍ ፍራይን አገባች። ጆሴፍ በለንደን የሻይ ንግድና የባንክ ሥራ የነበረው ክዌከር ነው። ባልና ሚስቱ መጀመሪያ በለንደን መሐል፣ ከ1809 ጀምሮ ደግሞ ከከተማው በስተምሥራቅ በምትገኘው በፕላሼት ኖሩ። 11 ልጆች ወለዱ፤ የመጨረሻው በ1822 የተወለደው የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው በተወለደበት ቀን ነበር።

በፕላሼት ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋመች፣ ለችግረኞች ምግብና ልብስ አከፋፈለች፣ የአካባቢውንም ልጆች ከፈንጣጣ ለመከላከል ክትባት እንዲያገኙ አደረገች። በ1811 ጉባኤዋ ሰባኪ አድርጎ መዘገባት። በዚያ ዘመን የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሴቶች በአብዛኛው እንዲህ ያለ ዕድል አልነበራቸውም። በኋላ በእስረኞች፣ በባለሥልጣናትና በነገሥታት ፊት ለመናገር ያበቃት ልምድ የተገኘው ከዚህ ነው።

የኒውጌት እስር ቤት

በ1813 ስቴፈን ግሬሌት የተባለ ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ክዌከር ኒውጌትን ጎብኝቶ ባየው ነገር ደነገጠ። ወዲያው ወደ ኤሊዛቤት ሄዶ ለሕፃናቱ ልብስ እንዲዘጋጅ ለመናት። እርሷም ወዳጆቿን ሰብስባ ልብስ አሰፋችና ከአና በክስተን ጋር ወደ እስር ቤቱ ገባች።

በዚያ ወደ 300 የሚጠጉ ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር በጥቂት ክፍሎች ታጭቀው ነበር። የተፈረደባቸውና ገና ፍርድ የሚጠብቁት፣ ትንሽ ነገር የሰረቁትና ሞት የተፈረደባቸው ሳይለዩ አብረው ይኖሩ ነበር። ያበስሉ የነበረውም፣ ያጥቡ የነበረውም፣ ይተኙ የነበረውም በዚያው ክፍል ነው። ብዙዎቹ ያለ ምንጣፍ በወለሉ ላይ ያድሩ ነበር።

ከዚህ ጉብኝት በኋላ ሥራውን ሳትቀጥል ሦስት ዓመት ያህል አለፈ። በዚህ ጊዜ የባሏ ባንክ ተቸገረ፤ እርሷም ልጆች ወለደች፤ በ1815 ደግሞ በእርሷ ስም የተጠራችው ትንሽ ልጇ ሞተችባት። በ1816 መጨረሻ ወደ ኒውጌት ስትመለስ በመጀመሪያ ለእናቶቹ ያቀረበችው ሐሳብ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዲከፈት ነበር። እናቶቹ በደስታ ተቀበሉት። ከእስረኞቹም መካከል ሰዓት በመስረቅ የታሰረችውን ሜሪ ኮነርን መምህርት አድርገው መረጡ።

በአፕሪል 1817 በኒውጌት የሚገኙትን ሴት እስረኞች ሁኔታ ለማሻሻል የሚሠራ የሴቶች ማኅበር ተመሠረተ። መሥራቾቹ 12 ሲሆኑ አንዷ የቄስ ሚስት፣ 11ዱ ክዌከሮች ነበሩ። የእስር ቤቱ ኃላፊዎች ሴቶቹ ሥራ ይሠራሉ ብለው አላመኑም። ኤሊዛቤት ግን የመተዳደሪያ ደንቡን በእስረኞቹ ፊት አንብባ በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ እጃቸውን እያወጡ ድምፅ እንዲሰጡ አደረገች። ደንቡ ልመናን፣ ስድብን፣ ቁማርንና ጠብን ይከለክል ነበር። እስረኞቹ በትናንሽ ቡድኖች ተከፍለው ለየቡድኑ ከመካከላቸው አለቃ ተመረጠ። ሴቶቹን የምትቆጣጠር ሴት ኃላፊም ተቀጠረች። የማኅበሩ አባላት በየተራ እየመጡ መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡላቸው፣ ስፌትና ሹራብ ሥራም ያሠሯቸው ነበር። የሠሩት ሲሸጥ ገንዘብ ያገኙ ነበር። የከተማው ሹማምንት መጥተው ለውጡን ካዩ በኋላ ሥራውን ደገፉት።

በ1818 ኤሊዛቤት የእንግሊዝ ምክር ቤት የእስር ቤቶችን ጉዳይ እንዲመረምር ባቋቋመው ኮሚቴ ፊት ቀርባ መሰከረች። በዚያው ዓመት ከወንድሟ ከጆሴፍ ጆን ገርኒ ጋር የሰሜን እንግሊዝንና የስኮትላንድን እስር ቤቶች ጎበኘች። የእህቷ የሃና ባል ቶማስ ፎወል በክስተን ደግሞ የምክር ቤት አባል ሆኖ ጉዳዩን በሕግ አውጪዎች ዘንድ ይከራከርለት ነበር። በሮበርት ፒል ጊዜ በ1823 የወጣው የእስር ቤቶች ሕግ ሴት እስረኞች በሴት ጠባቂዎች እንዲጠበቁ አዘዘ።

ሞት የተፈረደባቸውና የተጋዙት

በዚያ ዘመን ሐሰተኛ የባንክ ኖት ይዞ መገኘት ወይም ማሰራጨት ከባድ ቅጣት ያስከትል ነበር። በ1818 ሃሪየት ስኬልተን የተባለች ሴት በዚህ ወንጀል ሞት ሲፈረድባት ኤሊዛቤት ምሕረት ለማስገኘት ባለሥልጣናትን ለመነች። በዚህም የተነሣ ከአገር ግዛት ሚኒስትሩ ከሎርድ ሲድማውዝ ጋር ተቃቃረች። ልመናዋ ግን አልተሰማም፤ ሴትዮዋ ተሰቀለች።

ሌሎች ሴቶች ወደ አውስትራሊያ ይጋዙ ነበር። ወደ መርከቡ የሚወሰዱት በሰንሰለት ታስረው በክፍት ጋሪ ላይ ሲሆን፣ መንገደኛው ይሰድባቸውና ቆሻሻ ይወረውርባቸው ነበር። ብዙዎቹም ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ሌሊት በንዴት ዕቃ ይሰብሩ ነበር። ኤሊዛቤት በተሸፈነ ሠረገላ እንዲወሰዱ አስፈቀደች፤ ከባልደረቦቿም ጋር እስከ ወደቡ ሸኘቻቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ማኅበሩ የተጋዦችን መርከቦች ከመነሣታቸው በፊት ይጎበኝ ነበር። ለእያንዳንዷ ሴት መርፌ፣ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ያለበት ከረጢት ይሰጣት ነበር። ዓላማው በረጅሙ ጉዞ ሥራ እንዳይፈቱና የሰፉትን ሽጠው በአዲሱ አገር ጥቂት ገንዘብ እንዲይዙ ነው። በ1841 ራጃ በተባለችው መርከብ የተጓዙ ሴቶች የሰፉት ትልቅ የአልጋ ልብስ ዛሬ በአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ሌሎች አገልግሎቶች

በ1819–20 ክረምት አንድ ልጅ በለንደን በብርድ ሞቶ ከተገኘ በኋላ ኤሊዛቤት ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሌሊት መጠለያ እንዲከፈት አደረገች። በ1824 በብራይተን ከተማ በጎ ፈቃደኞች የድኾችን ቤት እየዞሩ የሚጎበኙበትን ማኅበር አቋቋመች። ለባሕር ጠረፍ ጠባቂዎችም መጻሕፍት እንዲዳረሱ አድርጋለች። በ1840 በለንደን የነርሶች ማሠልጠኛ መሠረተች፤ ነርሶቹ በሽተኞችን በየቤታቸው እየሄዱ ያስታምሙ ነበር።

የባንኩ መክሰርና የጉባኤው ፍርድ

በኖቬምበር 1828 የጆሴፍ ፍራይ ባንክ ከሰረ። ገንዘባቸውን ያስቀመጡ ብዙ ሰዎች ተጎዱ፤ ኤሊዛቤት ለበጎ አድራጎት የምታወጣው ገንዘብ የሌሎች ሰዎች ነው የሚል ወሬም ተሰማ። ለክዌከሮች ዕዳን አለመክፈል ከሐሰት የሚቆጠር ነገር ስለነበር ጉባኤው ጉዳዩን መርምሮ ጆሴፍን ከአባልነት ሰረዘው። ኤሊዛቤት አባልነቷም ሰባኪነቷም አልተነካም። እርሷ በተናገረችበት ጸሎት ቤት ባሏ እንደ እንግዳ ሆኖ የሚቀመጥበት ጊዜ መጣ።

ቤተሰቡ ፕላሼትን ለቅቆ የወንድሟ የሳሙኤል ገርኒ ወደነበረ በአፕተን ወደሚገኝ አነስተኛ ቤት ገባ። ወንድሞቿ ለኑሮዋና ለአገልግሎቷ የሚሆን ገንዘብ ይሰጧት ስለነበር ሥራዋ አልተቋረጠም። ልጆቿ ግን አብዛኞቹ ከጊዜ በኋላ ከክዌከሮች ወጡ። ልጇ ሬቸል በ1821 ከማኅበሩ ውጭ ስታገባ የጉባኤው ሥርዓት ስለማይፈቅድ እናትና አባቷ በሠርጓ አልተገኙም ነበር።

ትችት

ኤሊዛቤት በሕይወት ሳለች ተቺዎች አልጠፉም። አንዳንዶች ልጆቿንና ቤቷን ችላ ብላለች ይሉ ነበር። ከጉባኤዋም ውስጥ ዝናዋና ከመኳንንት ጋር ያላት ቅርበት ለክዌከር አይገባም የሚሉ ነበሩ። በኒውጌት መጽሐፍ ቅዱስ ስታነብ ለማየት ብዙ እንግዶች ይመጡ ስለነበር እስረኞቹ መታያ ሆነዋል የሚል ነቀፋ ተነሣ። በ1835 መንግሥት የእስር ቤት ተቆጣጣሪዎችን ከሾመ በኋላ እስረኛን ለብቻ ለይቶ የማሰር ሥርዓት ተቀባይነት እያገኘ ሄደ። ኤሊዛቤት ግን ሰው ከሰው ጋር ሳይነጋገር ቢታሰር አእምሮው ይጎዳል ብላ ይህን ሥርዓት ተቃወመች። የሞት ቅጣትንም ትቃወም ነበር።

የመጨረሻ ዓመታትና መታሰቢያ

ከ1838 እስከ 1843 ባሉት ዓመታት ፈረንሳይን፣ ቤልጂግን፣ ኔዘርላንድን፣ ዴንማርክንና የጀርመን ግዛቶችን እየዞረች እስር ቤቶችን ጎበኘች። በ1842 የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሬድሪክ ዊልሄልም 4ኛ ከእርሷ ጋር ኒውጌትን ጎብኝቶ በአፕተን ቤቷ ተጋበዘ። በ1845 በራምስጌት ከተማ በ65 ዓመቷ አረፈች፤ በባርኪንግ በሚገኘው የክዌከሮች መካነ መቃብርም ተቀበረች።

ከሞተች በኋላ ከእስር ለሚወጡ ሴቶች መጠለያ የሚሆን ቤት በስሟ በ1849 በለንደን ተከፈተ። የእንግሊዝ ባንክ ከ2002 ጀምሮ እስከ 2017 በሥራ ላይ በነበረው ባለ 5 ፓውንድ ኖት ጀርባ ሥዕሏን አውጥቷል፤ ሥዕሉ ለኒውጌት እስረኞች ስታነብ ያሳያል። ሐሰተኛ የባንክ ኖት በማሰራጨቷ ከተሰቀለችው ሃሪየት ስኬልተን ሞት እስከዚያ 184 ዓመት አልፎ ነበር።